ሁለቱ ቁጥሮችና የደጋው ዓመት፦ በአጅባርና በመካነ ሰላም ከዓይነት 1 የስኳር በሽታ ጋር ስለ መኖር

ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከጤና ተቋም ይዞት የሚመለሰው ካርድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮችን ይይዛል፤ አንደኛው ጠዋት፣ ሁለተኛው ማታ የሚወጋውን የኢንሱሊን መጠን የሚያመለክት ሲሆን፣ እነዚህ ቁጥሮች ልክ የሚሆኑት ሰውየው በየዕለቱ ተመሳሳይ ምግብ በተመሳሳይ ሰዓት ሲመገብና የሚያወጣውም ጉልበት ከቀን ወደ ቀን እምብዛም ሳይለያይ ሲቀር ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ይኸውም በአማራ ሳይንት በአጅባር ዙሪያ፣ በቦረና በመካነ ሰላም ዙሪያና ከእነዚህ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርዱት ቀበሌዎች፣ እንዲህ ያለ ቀን የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል የሚበላው ያንሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው ሲደርስ ሥራው ይበረታል፤ በጥር ሠርግና ድግስ ተደራርቦ ማዕዱ ይበዛል፤ በጾም ወራት የመጀመሪያው ጉርሻ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፤ ካርዱ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ግን ዓመቱን ሙሉ አይለወጡም። የዚህ ዲስኩር ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ለደጋው ታማሚ ቁጥሩን መስጠት የሕክምናው ግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩ መቼና በምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳውቀው ትምህርት ከመድኃኒቱ እኩል ሊሰጠው ይገባል።

ስኳር በሽታ በሕዝቡ ዘንድ የጠገበና የደላው ሰው በሽታ ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ በቅድሚያ የሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች ልዩነት መግለጽ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ከጨጓራ በስተኋላ በሚገኘው ቆሽት በተባለው የሰውነት ክፍል ውስጥ የሚመረት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሥራውም ከምግብ ወደ ደም የገባው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ሕዋሳት እንዲገባ ማድረግ ነው። በዓይነት 2 ኢንሱሊን እየተመረተ ሰውነት በአግባቡ አይጠቀምበትም፤ ይህም በአመዛኙ በጎልማሶች ላይ የሚታይና በምግብ፣ በእንቅስቃሴና በእንክብል ሊገታ የሚችል ነው። በዓይነት 1 ግን ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን አምራቾቹን የቆሽት ሕዋሳት ራሳቸውን ስለሚያጠፋ፣ ታማሚው ከውጭ በመርፌ ካልተሰጠው በቀር ኢንሱሊን የሚባል ነገር አይኖረውም፤ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳሩ በደም ውስጥ ተከማችቶ ከሽንት ጋር ውኃውን ይዞ ስለሚወጣ ልጁ ሌሊት ሳይቀር ደጋግሞ ይሸናል፣ ውኃ አይበቃውም፣ እየበላ ይከሳል። ሕዋሳቱ ስኳር ሲያጡ ሰውነት ስቡን ማንደድ ይጀምራል፤ ከዚህም ኪቶን የተባለ ውጤት ይወጣና ደሙን አሲድ ስለሚያደርገው፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ይከተላሉ፤ ካልታከመም በቀናት ውስጥ ይገድላል።

ይህ የመጨረሻው ሁኔታ በገጠር ሲታይ ወባ፣ ታይፎይድ፣ የጨጓራ ሕመም ወይም ቡዳ ተብሎ መታለፉ ዓይነት 1 በደጋው ቀበሌዎች ያለ አይመስልም የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ነው፤ ምርመራው ሳይደረግለት የሞተ ሕፃን በየትኛውም መዝገብ ላይ በስኳር በሽታ አይቆጠርምና። በሌሊት አልጋ ማርጠብ አቁሞ የነበረ ልጅ እንደገና ሲጀምር ከአንድ ጠብታ ደም በደቂቃ ውስጥ የሚገኘው ውጤት ሕይወት ሊያተርፍ እንደሚችል ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መምህራንና እናቶች ማወቃቸው ከብዙ ትልልቅ ዕቅዶች ይበልጣል።

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በፍሬድሪክ ባንቲንግ፣ በቻርልስ ቤስት፣ በጆን ማክላውድና በጄምስ ኮሊፕ ሥራ ከተገኘ በኋላ፣ በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሕክምና ታማሚውን እያስራቡ ዕድሜውን ለጥቂት ጊዜ ከማራዘም አያልፍም ነበር። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብታቸውን ለእያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ለዩኒቨርሲቲው የለቀቁት መድኃኒቱ ለሁሉም እንዲዳረስ አስበው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚታየው ችግር መድኃኒቱ አለመኖሩ ሳይሆን፣ ወደ ደጋው የሚደርሰው እየተቆራረጠና የአጠቃቀም ትምህርቱን ሳያስከትል መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ የስኳር ታማሚዎችን የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተ ሲሆን፣ ለአጅባርና ለመካነ ሰላም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ተሞክሮ ግን በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ዙሪያ የተሠራው ነው። በእነዚህ ቦታዎች የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የመሳሰሉት ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድና በሠለጠኑ ነርሶች እንዲካሄድ ተደርጓል፤ ይህም ኢንሱሊን ለመውሰድ ቀን ሙሉ የሚጓዘውን ገበሬ ጉዞ በማሳጠሩ ብቻ ሳይሆን፣ የታማሚውን ማሳ፣ ቤተ ሰብና ምግብ የሚያውቅ ባለሙያ እንዲከታተለው በማድረጉ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በጎንደር የተካሄዱት ጥናቶች ሌላም አስደናቂ ነገር አሳይተዋል፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ታማሚዎች በብዛት በጣም ከሲታና ድሆች ወንዶች ሆነው የተገኙ ሲሆን፣ በሽታው ከድህነትና በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር ተያይዞ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታን ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መድቦ በ1999 ያነሣው ሲሆን፣ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በባንኮክ ጉባኤው ዓይነት 5 በሚል ስም ዳግም ዕውቅና ሰጥቶታል። የስያሜው ክርክር ለባለሙያዎች የሚተው ቢሆንም፣ ለዕለት ኑሮው የሚበጀው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፤ ከሲታና የምግብ ዋስትና የሌለው ታማሚ ለከተማ ሰው በተዘጋጀ ሠንጠረዥ መጠኑ ሲወሰንለት ስኳሩ በቀላሉ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል።

በአገሪቱ በብዛት የሚሰጡት የኢንሱሊን ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ውኃ የጠራና ፈጥኖ የሚሠራ ሲሆን፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ተወግቶ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ይበረታል። ሁለተኛው ኤንፒኤች የሚባለውና ወተት የሚመስለው፣ ከመቀዳቱ በፊት በእጅ መዳፍ መካከል ቀስ ብሎ የሚንከባለለው ሲሆን፣ ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ጠርሙስ የሚመጡበትም ጊዜ አለ። ማንኛውም ታማሚ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው የጠርሙሱና የመርፌው ልኬት መስማማታቸውን ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ኢንሱሊን ለ40 ዩኒት በተሠመረ መርፌ ከተቀዳ፣ በመርፌው ላይ በተነበበው ቁጥር የሚገባው መድኃኒት ሁለት እጥፍ ተኩል ስለሚሆን አደጋው ወዲያው ነው። የሚወጋበትንም ቦታ በሆድና በጭን ላይ ማቀያየር ያስፈልጋል፤ አንድ ቦታ ሲደጋገም ቆዳው ሥር ያብጥና መድኃኒቱ በአግባቡ መመጠጥ ያቆማል።

ኤንፒኤች ኃይሉ ከሚበረታበት ሰዓት ጋር የጾሙ ሰዓት ሲተያይ የሁለቱ ቁጥሮች ችግር በግልጽ ይወጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይበረታል፤ ጾመኛው ሳይበላ የሚቆይበት ጊዜም ይኸው ስለሆነ፣ በዐቢይ ጾም የተለመደውን መጠን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው መድኃኒቱ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው በባዶ ሆዱ ላይ ነው። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውኃ ጭምር ስለማይወሰድ፣ ታማሚው በአንድ በኩል የስኳር መውረድ፣ በሌላ በኩል የሰውነት ድርቀት ያሰጋዋል። ቁርአን በሱረቱል በቀራ የታመመን ሰው ከጾም ግዴታ ያነሣዋል፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የታመመ ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ የሚወስን በመሆኑ፣ በወሎ ሸሆችም ቀሳውስትም ከጤና ባለሙያ እኩል ይህን ጉዳይ የሚያብራሩ አስተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሳይመካከር በዝምታ የሚጾም ታማሚ ብዙ ነውና ባለሙያው ስለ ጾም ራሱ ቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል።

በደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን መውረድ ይባላል፤ ምልክቱም መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት፣ ረኃብ፣ የቃላት መደነቃቀፍ፣ ከዚያም መፍዘዝና ራስን መሳት ነው። ፈጣኑ መፍትሔ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ማር መላስ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም፣ ሲሻልም እንደ እንጀራ፣ በሶ ወይም ቆሎ ያለ የሚቆይ ምግብ መብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው በአፉ ምንም ሳይጨመርበት በጎኑ ተኝቶ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በገጠር ይህ ሁኔታ ስካር ወይም መንፈስ ተደርጎ ሊታይ ስለሚችል፣ አብረውት የሚያርሱና የሚያጭዱ ሰዎች ምልክቱን ቢያውቁ ይበጃል፤ በኪስ የሚያዝ ጥቂት ስኳር ለገበሬው ከሞፈርና ከቀንበሩ እኩል የሥራ ዕቃ ነው። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የሰውነትን ስኳር የመጠቀም ኃይል እስከ 24 ሰዓት ስለሚያሳድገው፣ ቀኑን በአጨዳ የዋለ ሰው ስኳሩ የሚወርድበት ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ጠላ ወይም አረቄ ሲጨመር ጉበት በሌሊት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር መጠጡ ስለሚያግደው ክፋቱ ይብሳል፤ ከደቦ በኋላ ሳይበሉ ጠጥቶ መተኛት ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው የሚፈቀድ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከባድ ሥራ በሚጠበቅበት ቀን መጠኑን ባለሙያው ባስተማረው ልክ፣ ለምሳሌ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ መቀነስ መማር ያስፈልጋል።

ይህን መማር የሚቻል መሆኑን የሌላው ዓለም ተሞክሮ አረጋግጧል። በጀርመን ዱስልዶርፍ ሐኪሙ ሚካኤል በርገርና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታማሚዎች ምግባቸውን ለታዘዘላቸው መጠን ከማስገዛት ይልቅ መጠኑን ለሚበሉት ምግብ እንዲያስተካክሉ በቡድን ማስተማር የጀመሩ ሲሆን፣ ዘዴው በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት መልካም ውጤት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነውና 1,441 ታማሚዎችን በአማካይ ለ6 ዓመት ተኩል የተከታተለው የሰሜን አሜሪካ ጥናትም፣ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር በመነሻው የዓይን ጉዳት ባልነበረባቸው ላይ ጉዳቱ የመከሰት ዕድሉን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ከባድ የስኳር መውረድን ግን በ3 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ትርጉሙም ቁጥጥር ያለ ዕውቀት አደጋ እንደሚያስከትል ነው። የዱስልዶርፉ ትምህርት በዳቦ ልክ የተቀመረ ሲሆን፣ ለወሎ ደጋ ግን ከዚህ የሚሻል ልክ በየቤቱ አለ። በአንድ ቤት ምጣድ የሚጋገር እንጀራ መጠኑ በየጊዜው እኩል ስለሚሆን፣ ታማሚው ሩብ፣ ግማሽ ወይም ሙሉ እንጀራ በልቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩን ቢለካ፣ ያ እንጀራ በእርሱ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ከጥቂት ሳምንታት ልኬት በኋላ በግምት ያውቃል። የገብስ፣ የጤፍና የስንዴ እንጀራ፣ ድንችና ቆሎ ለየብቻ መለካት አለባቸው፤ እናት ወይም ሚስት ጋጋሪ ስለሆነች ትምህርቱ እርሷን ካላካተተ ፍሬ አይኖረውም።

ለዚህ መለኪያው ያስፈልጋል፤ የስኳር መለኪያ መሣሪያው ራሱ ቢገኝ እንኳ በእያንዳንዱ ልኬት የሚጣለው ቁራጭ፣ ስትሪፕ የሚባለው፣ ዋጋው ለገበሬ ከባድ ነው። ስትሪፕ ሲያንስ ግን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከመለካት ይልቅ ማለዋወጥ ይሻላል፤ በአንዱ ሳምንት ከጠዋት ምግብ በፊትና ከመኝታ በፊት፣ በሌላው ከምሳ በኋላ፣ ሥራ በበዛበት ሳምንት ሌሊት ላይ መለካት ከተበተኑ ቁጥሮች የቀኑን ቅርጽ ያወጣል። ውጤቱ በደብተር ላይ ከተበላውና ከተሠራው ጋር ሲጻፍ ደግሞ በቀጠሮው ዕለት ነርሷ ካርዱን ብቻ ሳይሆን ያለፈውን ወር ታነባለች።

መድኃኒቱን ማስቀመጥ በደጋና በቆላ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የደጋው ቤት ራሱ ከምድጃ ርቆ ለዚህ ተስማሚ ነው። አደጋው የሚጀምረው ለገበያ ወይም ለእርሻ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ ነው፤ ጠርሙሱ በፀሐይ ላይ በሚውል ከረጢት ውስጥ ከመያዝ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ሥር መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሰሜን ኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች መጠለያ ያለውን የሙቀት ሁኔታ መሠረት አድርገው ያሳተሙት ጥናት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚለዋወጥ ሙቀት በ4 ሳምንት ውስጥ የኢንሱሊንን ኃይል እንደማያጠፋ ስላሳየ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። በሌሎች ሙቅ አገሮች የተሞከሩት፣ በእርጥብ አሸዋ መካከል የሚቀመጡ የሸክላ ዕቃዎችም ይረዳሉ። በረዶ መሆን ግን ከሙቀት ይብሳል፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ጥቅም ስለሌለው፣ በውርጭ ሌሊት ከግድግዳና ከመስኮት አርቆ በልብስ መካከል ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ወተት መሰሉ ኢንሱሊን ሲንከባለል ቅንጣት ወይም ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈ ነጭ ነገር ካሳየ፣ የጠራው ደግሞ ከደፈረሰ መጣል አለበት።

በሕመም ቀን የሚፈጸመው ስሕተት ከሁሉ ገዳዩ ነው። ያልበላ ሰው መርፌ አይወጋም የሚለው አስተሳሰብ ለዓይነት 1 እውነት አይደለም፤ ትኩሳትና ማስመለስ ሲኖር ሰውነት ኢንሱሊን የሚፈልገው ከወትሮው በላይ ስለሆነ፣ ባለመብላት ምክንያት ማቆም ቀጥታ ወደ ኪቶኑ አደጋ ይወስዳል፤ መጠኑ ሊስተካከል ይችላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም፤ ውኃ እየተጠጣ ስኳሩ ይለካል፣ ማስመለሱ ካላቆመም ወደ ሐኪም ይኬዳል። ለጸበል ሲኬድ መርፌውን ትቶ መሄድ በአገሪቱ ብዙዎችን ለኪቶኑ ሕመም ዳርጓል። ጸበሉም እምነቱም የታማሚው ናቸው፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ በጸበሉ ቦታ ላለ ሰው እንደ ውኃና እንደ እህል የዕለት ፍጆታው ስለሆነ፣ ተጠማቂው ይዞት መምጣቱንና በሰዓቱ መውጋቱን የጸበሉ አባቶች ቢጠይቁ ብዙ ሕይወት ይድናል።

ታማሚው ይህን ሁሉ ቢያውቅም በእጁ የማይሆን ነገር አለ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነት ስትያዝ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎና ወድሞ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ የመድኃኒት ጉዞ ይቋረጣል። 1,000 ዩኒት የያዘ አንድ ጠርሙስ ቀኑን 40 ዩኒት ለሚጠቀም ሰው 25 ቀን ብቻ ስለሚሆን፣ ወር በወር የሚሰጥ አሠራር መንገድ ለ15 ቀን ሲዘጋ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የአጅባርና የመካነ ሰላም ጤና ተቋማት ለዓይነት 1 ታማሚዎች የሁለት ወይም የሦስት ወር መጠን ቢሰጡና በጤና ጣቢያ መጠባበቂያ ቢያኖሩ፣ ይህ ከማንኛውም ምክር የሚበልጥ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች፣ ከእነዚህም በደቡብ ወሎ በተሁለደሬ፣ በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ኢንሱሊንና ስትሪፕን በሚገባ ቢሸፍን የቤተ ሰብን በሬ ከመሸጥ ያድናል።

በሽታው በሴት ልጅ ላይ ሲሆን ሌላ ሸክም ይጨመራል። ትዳር እንዳታጣ ተብሎ መርፌዋ የሚደበቅባት ልጅ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ መድኃኒቷን ለማቋረጥ ወይም ተሸሽጋ ለመውጋት ትገደዳለች፤ ስለዚህ ከሽምግልናው በፊት መናገር ለራሷም ለሚወለደው ሕፃንም የሚበጅ ነው። ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት መውለድ ትችላለች፤ ነገር ግን የሕፃኑ አካል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እርግዝናው ገና ሳይታወቅ ስለሆነ፣ ስኳሯ ከመፀነሷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መስተካከል አለበት፤ በእርግዝናው ውስጥም የሚያስፈልጋት መጠን በመጀመሪያው ሦስት ወር ሊቀንስ፣ ከዚያ በኋላ ሊያድግ፣ ከወለደች ወዲያ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊወርድ ስለሚችል፣ በዚያ ሌሊት አጠገቧ ያለችው አዋላጅ ከእርግዝናው በፊት የነበረውን ቁጥር ማወቅ ይኖርባታል።